አቡነ ተክለ ሃይማኖት (ፓትርያርክ)

አቡነ ተክለ ሃይማኖት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሦስተኛው ፓትርያርክ ነበሩ። የቀድሞ ስማቸው አባ መላኩ ሲሆን የትውልድ አገራቸው በጌምድር ነው። ከፓትርያርክነታቸው በፊት ለረጅም ዘመን በወላይታ ሲያስተምሩ፣ ሲያጠምቁና አብያተ ክርስቲያናት ሲያሳንጹ ኖሩ። በ1968 ዓ.ም. ለምርጫ ሲቀርቡ ጳጳስ እንኳ አልነበሩም፤ ጳጳሳት እያሉ አንድ ባሕታዊ ለመንበሩ መመረጡ ብዙዎችን አስገርሟል። በወቅቱ አገሪቱን ይገዛ የነበረው ወታደራዊ መንግሥት ደርግም፣ ከፖለቲካ የራቀ መነኩሴ ይመቸኛል ብሎ ሳያስብ አልቀረም። ሹመቱ ግን ከክርክር አላመለጠም፤ ከእሳቸው በፊት ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ቴዎፍሎስ በሕይወት ሳሉ ከመንበራቸው በመነሣታቸው የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን አልተቀበለችውም። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ፓትርያርክ ከሆኑም በኋላ በባዶ እግር መሄዱንና ጥብቅ ጾሙን አልተዉም። በ1980 ዓ.ም. አርፈው በመንበራቸው አቡነ መርቆሬዎስ ተተኩ።