ካሲሚር ግዞውስኪ፦ ከስደተኞች መርከብ እስከ አገረ ገዥ ወንበር

«እዚህ የተማርነው ሌላ አገር ይቆጠርልናል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪዎቻችን አፍ አይጠፋም። መልስ እንኳ ባይሆን፣ ይህ ነገር በራሱ ላይ የደረሰበትን ሰው ታሪክ በዚህ እትም ይዘን ቀርበናል። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ግዞውስኪ በ1813 በሩሲያዋ ሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። አባቱ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ጦር ውስጥ ፖላንዳዊ መኮንን ነበሩ። እሱም በ1830 ትምህርቱን ጨርሶ በዚያው ጦር የመሐንዲስ ክፍል ገባ። ብዙም ሳይቆይ ፖላንዶች በሩሲያ አገዛዝ ላይ ተነሡ፤ ወጣቱ የአባቱን ጦር ትቶ ከወገኖቹ ጋር ተሰለፈ። አመፁ ከሸፈ። ኦስትሪያ ድንበር ሲሻገሩ ትጥቅ አስፈትተው አሰሯቸው፤ በኋላም ከ200 ከሚበልጡ ጓደኞቹ ጋር ከትሪየስት ወደብ በመርከብ ወደ አሜሪካ ላኩት። (ስሙ «ግዞት»ን ማስታወሱ አጋጣሚ ነው እንጂ ቃሉ የፖላንድ ነው።)

በ1834 ኒውዮርክ ሲደርስ እንግሊዝኛው ገና ነበር። የሚያውቃቸውን ሌሎች ቋንቋዎች እያስተማረ እየኖረ፣ ጠበቃ ቢሮ ገብቶ ሕግ አጠና፤ የጥብቅና ፈቃድም አገኘ። ልቡ ግን ቦይና የባቡር ሐዲድ ላይ ነበርና ወደ ምሕንድስናው ተመለሰ።

በ1841 ካናዳ ሄደ። እዚህ ላይ ሳንደብቅ እንናገር፤ በሩን የከፈተለት ሙያው ብቻ አይደለም። የካናዳው ጠቅላይ ገዥ ሰር ቻርልስ ባጎት ቀደም ሲል በሩሲያ የእንግሊዝ አምባሳደር ስለነበሩ አባቱን ያውቁ ነበር። በ1842 በመንግሥት የመንገድና የድልድይ ሥራ ኃላፊ ሆነ። ሰው የማያውቀው መሐንዲስ ቢሆን ኖሮስ? እኛም ጠይቀናል።

በ1853 ከሦስት ሰዎች ጋር ሆኖ ከቶሮንቶ ወደ ሳርንያ የሚሄደውን የባቡር መስመር በኮንትራት ያዘ። ሦስቱም የፖለቲካ ሰዎች ሆነው ነው የምናገኛቸው፤ ሆልተን በቀድሞው የካናዳ ጠቅላይ ግዛት የገንዘብ ሚኒስትር፣ ጎልት በ1867 የፌዴሬሽኑ የመጀመሪያ የገንዘብ ሚኒስትር፣ ማክፈርሰን ደግሞ በኋላ የፌዴራል የአገር ውስጥ ሚኒስትር። ሥራ ተቋራጩና ሕግ አውጪው በአንድ ድርጅት ሲገኙ ሰው ማማቱ አይቀርም፤ ያኔም ታምተዋል። ሀብትም አፍርተዋል።

ስሙን ያስጠራው ግን በናያግራ ወንዝ ላይ የሠራው ድልድይ ነው። ፎርት ኢሪን ከአሜሪካዋ ከተማ ከበፋሎ ጋር ያገናኛል። ቦታው ወንዙ ከሐይቁ የሚወጣበት ነውና ጅረቱ ኃይለኛ ነው፤ ንፋሱ ሲነሣ የውኃው ከፍታ ይለዋወጣል፣ በክረምት ደግሞ ትልልቅ በረዶ እየተገፋ ይመጣል። እዚያ ውስጥ ነው ምሰሶ የተከለው። ሥራው በ1873 አለቀ። የላዩ ብረት ቢቀየርም ዛሬም ባቡር ያልፍበታል።

ከ1885 ጀምሮ የናያግራ ፓርክ ኮሚሽን ሊቀ መንበር ሆነ፤ በ1890 «ሰር» ተባለ። በ1896 የኦንታሪዮ ጠቅላይ ግዛት አገረ ገዥ ባልነበሩበት ጊዜ፣ ያ እስረኛ የነበረ ሰው ወንበሩን ተክቶ እስከ 1897 ሠራ። በ1898 ቶሮንቶ ውስጥ አረፈ።

በስሙ የሚጠራው ሜዳሊያ ለካናዳ መሐንዲሶች ጽሑፍ ዛሬም ይሰጣል። መምህራን፣ ታሪኩን በክፍል ስታነቡ ሴንት ፒተርስበርግን፣ ትሪየስትን፣ ኒውዮርክንና ቶሮንቶን ተማሪዎች በካርታ ላይ በጣት ቢከተሉ መንገዱ ምን ያህል እንደሆነ ያዩታል።