ድጓ በሚዜምበት አገር፣ የማይሰማ ልጅ

ጋይንት የጆሮ ትምህርት አገር ነው። እዚያ ያለችው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት፤ ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት። ከስማዳም ሆነ ከእስቴ የተነሣ ተማሪ ምልክቱን በብራና ላይ ቢያየውም ዜማውን የሚቀበለው ከየኔታ አንደበት ነው፤ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን በጆሮው ይለያል። ለዚህም ነው በቤተ ክህነት ትምህርት ዓይናቸውን ያጡ ሰዎች ሊቅ እስከ መሆን የደረሱት። መስማት የተሳነው ልጅ ግን ከጉባኤው የሚገባበት በር አልነበረውም።

ይህ የሚያስቆጭ ነው፤ «አይሰማም» የተባለው ልጅ ሁሉ ጉዳቱ አንድ አልነበረምና። የአንዱ ጆሮ ይመግላል። ጉንፋን ወደ መካከለኛው ጆሮ ዘልቆ ሲያመረቅዝ ታምቡሩ ሊበሳ ይችላል፤ ድምፅም ይደክምበታል። እንዲህ ያለው ልጅ ዛሬ ሰምቶ ነገ ስለማይሰማ ሰነፍ ወይም እልከኛ ሊባል ይችላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ብዙውን ጊዜ መስማቱ ይመለስለታል። የሌላው ጉዳት በውስጠኛው ጆሮ ወይም በመስማት ነርቭ ላይ ነው። እሱ ዘንድ ድምፅ መድከም ብቻ ሳይሆን ይደበላለቃል፤ ቢጮኹለትም አይጠራም። ሁለቱ የተደራረቡበትም አለ።

ውስጠኛውን ጆሮና ነርቭን ከሚጎዱት በሽታዎች ክፉው ማጅራት ገትር ነው። በ1973 ዓ.ም. ወረርሽኝ በአገሪቱ 50,000 ያህል ሰው ታሟል። ከሞት የተረፈ ሕፃን በጥቂት ቀናት ውስጥ መስማት ሊያቆም ይችላል፤ አፉን ሳይፈታ ከደረሰበት ንግግሩም አብሮ ይቀራል። ኩፍኝም እንዲሁ ጆሮ ያጠፋል። የሕፃናት ክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ተጀመረ፤ የማጅራት ገትር «ኤ» ዘመቻ ደግሞ ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ መጣ። በዘር የሚወረሰውን የመስማት ጉዳት በተመለከተ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያጋባው ባላገር ከሐኪም በፊት አንድ መከላከያ ነበረው፤ የቅርብ ዘመዶች ጋብቻ ይህን ጉዳት ያበዛልና።

መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ግን ዘገየ። በአዲስ አበባ የመካኒሳና የአልፋ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤቶች በ1950ዎቹ ዓ.ም. ተከፈቱ። የፊደል ገበታውም በእጅ ተቀረጸ፤ ለእያንዳንዱ ፊደል የእጅ ቅርጽ ወጣለት፣ ሰባቱ ድምፆችም በእጁ እንቅስቃሴ ተለዩ። በ2001 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በምልክት ቋንቋ የዲግሪ ትምህርት ጀመረ። ከስማዳ የሚነሣ ልጅ መካኒሳ ለመድረስ ግን የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት፤ ያን መንገድ ለልጁ የሚያውቅለት ወላጅም ጥቂት ነበር።