ታው የተባለው ፕሮቲን በአንጎልና በሬቲና

የሕያው ሰው አንጎል በራስ ቅል ውስጥ የተሰወረ ስለ ሆነ ሐኪም በዓይኑ ሊመለከተው አይችልም። ነገር ግን ፅንስ በማኅፀን ሲያድግ ከአንጎሉ ወጥቶ የሚያድግ አንድ ክፍል አለ፤ ይኸውም በዓይን ውስጥ በስተኋላ ተነጥፎ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ ሬቲና ነው። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የዓይንን ውስጥ የሚያሳየውን መሣሪያ በ1851 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ነው) ሬቲናን በሕያው ሰው ላይ ማየት ተችሏል። እንግዲህ የአንጎል በሽታ በሬቲና ላይ ይነበባልን? መልሱን ለመፈለግ የአንድ ፕሮቲን ታሪክ መከተል ይጠቅማል።

በ1906 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዝሃይመር በቲውቢንገን ከተማ በተደረገ ጉባኤ ላይ፣ የማስታወስ ኃይሏ ደክሞ ስለ ሞተች አንዲት ሴት አንጎል ተናገረ። አንጎሉን በብር ማቅለሚያ አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ሲመረምረው በነርቭ ሕዋሳት ውስጥ የተወሳሰበ የክር ቋጠሮ አግኝቶ ነበር። በ1963 ዓ.ም. ማይክል ኪድ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ተመልክቶ ክሮቹ ሁለት ሁለት ሆነው የተገመዱ መሆናቸውን ገለጠ። ከምን እንደ ተሠሩ ግን ገና አልታወቀም ነበር።

በ1975 ዓ.ም. በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ማርክ ኪርሽነርና ባልደረቦቹ፣ ስለዚህ በሽታ ሳያስቡ፣ ከዐሣማ አንጎል አንድ ፕሮቲን ለይተው «ታው» አሉት። ሥራው በሕዋስ ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ቱቦዎች ማያያዝና ማጽናት ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1985 እና በ1986 ዓ.ም.፣ በቤልጂግና በአሜሪካ የወጡ ምርመራዎች የአልዝሃይመር ቋጠሮ ከዚሁ ከታው የተሠራ መሆኑን አስረዱ፤ በቋጠሮው ያለው ታው ከመጠን ያለፈ ፎስፌት የተጫነበት ነው። በ1991 ዓ.ም. ደግሞ ሃይኮ ብራክና ኤፋ ብራክ ቋጠሮው በአንጎል ውስጥ በተራ እንደሚስፋፋ አሳዩ። ለማስታወስ ከሚያገለግለው ክፍል አጠገብ ይጀምራል፤ ከዓይን የሚመጣውን መልእክት በቀዳሚነት ወደሚቀበለው ክፍል የሚደርሰው ግን በመጨረሻ ነው።

የሬቲና ታሪክ ከዚህ ይለያል። በ1986 ዓ.ም. ሂንተን፣ ሳዱንና ባልደረቦቻቸው በዚህ በሽታ ከሞቱ 10 ሰዎች መካከል በ8ቱ የዓይን ነርቭ ላይ ሰፊ ጉዳት አገኙ፤ በሬቲናቸው ግን የአልዝሃይመርን ቋጠሮ አላገኙም። በ2018 ዓ.ም. ከአምስተርዳም የወጣ ምርመራም በሟቾች ሬቲና ውስጥ ፎስፌት የተጫነበት ታው መኖሩን አረጋገጠ፤ ነገር ግን ታው ተበትኖ እንጂ ተገምዶ አልታየም። ከዚያ ወዲህ በሬቲና ውስጥ የተገመደ ታው አገኘን ያሉ ተመራማሪዎች ስላሉ ክርክሩ አልተዘጋም።

ልዩነቱ ስለ ምን ሆነ? አንደኛ፣ ታው ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። በጎልማሳ ሰው አንጎል 6 ዓይነት ሲኖረው፣ በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ከሬቲና ወደ አንጎል ክር የሚልኩት ሕዋሳት «ትልቁ ታው» የተባለውንም እንደሚሠሩ ታይቷል። ሁለተኛ፣ በሬቲና የሚታየው ለውጥ የአንድ በሽታ ብቻ ምልክት አይደለም። በ2008 ዓ.ም. ግላኮማ በተባለው የዓይን በሽታ በታመሙ ሰዎች ሬቲናም እንዲሁ ያልተለመደ ታው መገኘቱ ተገልጧል።

ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ሬቲናን አይቶ ስለ አንጎል የሚፈርድ ሐኪም፣ የዓይን ሕመምተኛውን «አእምሮህ ሊጠፋ ነው» ብሎ ያለ ምክንያት ሊያስደነግጠው፣ ወይም የታመመውን «ደኅና ነህ» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ሬቲና ከአንጎል የተወለደ መሆኑ እርግጥ ነው፤ ሆኖም ልጅ የወላጁን መልክ ቢይዝም ሕመሙ የራሱ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሁለቱ ስፍራ የፕሮቲኑ ስም አንድ መሆኑ አይበቃም፤ ታው በእያንዳንዱ ስፍራ የሚያደርገውን ለየብቻ መርምሮ ማስተያየት ያስፈልጋል።