የፊያት የፊት እግር

ጅማ በሰኔ 1933 ከጣሊያን እጅ ብትወጣም፣ የጣሊያኖቹ የጋራዥ ሙያ አገር ውስጥ ቀረ። እኔ ሙያውን የተማርኩት በፊያት 682 የጭነት መኪና ነው። ከአጋሮና ከጌራ ቡና ጭኖ ሲመላለስ ቶሎ የሚያልቀው የፊት እግሩ ነበር፤ ጭቃው፣ መሪው ሲዞር ጎማው በሚታጠፍበት ፒንና በቡሹ መሃል ገብቶ ግራሶውን ያበላሸዋል፣ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ ጎማው በአንድ ጎን ያልቃል። በክሪክ እናነሳና ጎማውን ከላይና ከታች ይዘን እንነቀንቀዋለን። ከላላ አሮጌው ቡሽ ይወጣል፤ ቶርኖ ቤት ከነሐስ አዲስ ይሠራለታል። ውስጡ የግራሶ መሄጃ ካልተበጀለት ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው! ፒኑ ወደ ቡሹ በእጅ ግፊት ብቻ መግባት አለበት፤ በመዶሻ ከገባ መሪው ይከብዳል። ዛሬ አይሱዙ በዝቶ ቡሹ ከሱቅ ይገዛል። ለአሮጌው ፊያት ግን አሁንም ቶርኖ ቤት እልካለሁ።