ጫማ ሰፊ ያስተካከለው መኪና

በከተማችን መኪና ያለው ሰው ሁሉ ከሐኪሙ ይልቅ የሚያምነው አንድ መካኒክ አለው ቢባል ብዙም ማጋነን አይሆንም። ሞተሩ ጉልበት ሲያንሰው፣ ዳገት ላይ ሲያቃስት ወይም ቤንዚን ሲያበዛ ባለ መኪናው በደጁ ያለውን ጋራዥ አልፎ፣ ከከተማው ወዲያ ማዶ፣ አንዳንዴም ከሌላ ክፍለ ሀገር ድረስ፣ «ጆሮ አለው» ወደሚባለው ባለሙያ ይነዳል። በአውሮፓና በአሜሪካማ ነገሩ ከችግርም አልፎ ፍቅር ሆኗል። የመኪናቸውን ፍጥነትና ጉልበት ለማስጨመር ብቻ ሲሉ ረጅም መንገድ የሚጓዙ ብዙ ናቸው።

ለመሆኑ ይህ ልማድ ከየት ጀመረ? መልሱ አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም። በታሪክ የመጀመሪያው የረጅም ርቀት የመኪና ጉዞ ራሱ መኪና ያስተካከለ ጉዞ ነበር። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ጋራዥ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ነዳጅ ማደያም አልነበረም። መኪናውን ያስተካከሉት አንዲት የአራት ልጆች እናት፣ አንድ ቀጥቃጭና አንድ ጫማ ሰፊ ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ገንዘቡ ከየት መጣ?

ወይዘሮ በርታ ቤንዝ በ1849 በደቡብ ምዕራብ ጀርመን ፕፎርትስሃይም በምትባል ከተማ ተወለዱ። አባታቸው በአናጢነት ሥራ ሀብት ያፈሩ ሰው ነበሩ። በርታ ካርል ቤንዝ ከሚባል አንድ ድኻ መሐንዲስ ጋር ሲተጫጩ የእጮኛቸው ድርጅት ገና ከመቋቋሙ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር፤ ሸሪኩ የማይታመን ሰው ሆኖ ተገኘ። በ1871 በርታ ወላጆቻቸው ለጋብቻቸው ከመደቡላቸው ገንዘብ ከፍለው ሸሪኩን አስወጡና ድርጅቱን አዳኑ። የተጋቡት በተከታዩ ዓመት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናውቀው መኪና መጀመሪያ የቆመው በአንዲት ልጃገረድ የጋብቻ ገንዘብ ላይ ነው ቢባል ስህተት የለበትም።

ካርል ቤንዝ ከብዙ ድካም በኋላ በጃንዋሪ 29 ቀን 1886 በቁጥር 37435 የተመዘገበውን የፈጠራ መብት ጠየቁ። የተመዘገበው ሦስት ጎማ፣ አንድ ሲሊንደርና ከአንድ ፈረስ ያነሰ ጉልበት ያለው፣ በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄድ ጋሪ ነበር። ካርል ግን ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። መኪናውን ከሚኖሩበት ከማንሃይም ከተማ ብዙም ሳያርቁ ይሞክሩታል፣ ይመልሱታል፣ ይፈቱታል፣ ይገጥሙታል። እንከኑ ሁሉ ሳይወገድ ወደ ሰፊው ዓለም ሊያወጡት አልፈለጉም። ሕዝቡም በበኩሉ ፈረስ የሌለውን ጋሪ እያየ ይስቃል፣ ይደነግጣል፣ ገዢ ግን ይጠፋል። ዕቃው አለ፤ የሚያምነው ሰው የለም።

በዚህ መካከል ሁለት ዓመት አለፈ። ወይዘሮ በርታ በአንድ በኩል ገንዘባቸው፣ በሌላ በኩል የባለቤታቸው ዕድሜ በአንድ ጋራ ጎተራ ውስጥ ተቆልፎ ሲቀር ይታያቸዋል። ካርል የፈሩትን መንገድ እሳቸው ሊሄዱበት ወሰኑ።

ከማንሃይም እስከ ፕፎርትስሃይም

ጊዜው የ1888 ኦገስት መጀመሪያ ነው። በእኛ አቆጣጠር 1880 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ በዙፋን ላይ ነበሩ፤ አዲስ አበባም ገና ጨቅላ ሰፈር ነበረች። ካርል ተኝተው ሳለ ወይዘሮ በርታና ሁለቱ ወንዶች ልጆቻቸው፣ የ15 ዓመቱ ኦይገንና ገና 14 ያልሞላው ሪቻርድ፣ ሦስተኛውን ሞዴል መኪና ከቤት አወጡት። መድረሻቸው የወይዘሮ በርታ እናት የሚኖሩባት ፕፎርትስሃይም ነበረች። ርቀቱ ከ100 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። እስከዚያች ቀን ድረስ ይህን ያህል መንገድ በቤንዚን ሞተር መኪና የሄደ ሰው አልነበረም።

«ሴት የላከው ሞት አይፈራም» ይላል ያገራችን ሰው። በዚህ ጉዞ ግን ላኪዋም ተላኪዋም ራሷ ሴቲቱ ነበረች። መንገዱ የፈረስ ጋሪ መንገድ ነው፤ አስፋልት የለውም። ካርል ከአካባቢው ባለሥልጣን ያገኙት የመንዳት ፈቃድም በማንሃይምና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች የተወሰነ በመሆኑ፣ ጉዞው ከባል ብቻ ሳይሆን ከሕግም የተደበቀ ነበር።

የጉዞው ዝርዝር ወደ እኛ የደረሰው በአብዛኛው በቤተሰቡ ትዝታ ነው፤ ካርልም በ1925 ባሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ጽፈውታል። በዚህ ትረካ መሠረት የመጀመሪያው ችግር ነዳጅ ነበር። መኪናው የሚይዘው ጥቂት ሊትር ብቻ ነው። የሚጠቀምበትም ፈሳሽ ሊግሮይን የሚባል፣ ከድፍድፍ ዘይት የሚወጣና ሰዎች ከልብስ ላይ ቅባት ለማስለቀቅ የሚገዙት ነገር ነው። ይህ የሚሸጠው በመድኃኒት ቤት ነበርና ወይዘሮ በርታ ቪስሎክ በምትባል ትንሽ ከተማ ከአንድ መድኃኒት ቤት ደጃፍ ቆመው ያለውን ገዙ። ያ መድኃኒት ቤት ዛሬ «የዓለም የመጀመሪያው ነዳጅ ማደያ» እየተባለ ይጠራል፤ በፊቱም የመታሰቢያ ሐውልት ቆሞለታል።

ሁለተኛው ችግር ውኃ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው ውኃው እየተነነ ስለሆነ በየጥቂቱ መሙላት ያስፈልጋል። ተጓዦቹ መጠጥ ቤትና ምንጭ ባገኙ ቁጥር እየቆሙ ቀዱ። ቀጥሎ የነዳጁ ቧንቧ ተደፈነ፤ ወይዘሮ በርታ ባርኔጣቸውን ከፀጉራቸው ጋር የሚያያይዙበትን ረጅም መርፌ ነቅለው ጠረጉት። ለሞተሩ እሳት የሚያደርሰው ሽቦ ሽፋኑ ተልጦ ሲገኝ ደግሞ የእግር ሹራባቸውን ማሰሪያ ፈትተው ጠቀለሉበት። የሞተሩን ኃይል ለኋላ ጎማዎች የሚያቀብለው ካቴና ሲላላም አንድ ቀጥቃጭ ፈልገው አስጠበቁት። መኪና አይቶ የማያውቀው ይህ ቀጥቃጭ በወናፉና በመዶሻው የሠራው ሥራ፣ በገንዘብ ተከፍሎበት በመንገድ ላይ ከተደረጉት የመኪና ጥገናዎች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ መሆኑ ነው።

ፕፎርትስሃይም ደጋ ናት። የሞተሩ ጉልበት ከሦስት ፈረስ የማይበልጥ በመሆኑ በሜዳ ላይ ደህና ይሄድ የነበረው መኪና ዳገት ሲያይ ቆመ። ተጓዦቹ ወርደው ገፉት። ቁልቁለት ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጭንቅ ሆነ። ፍሬኑ ከእንጨት የተሠራ ስለነበረ በሰበቃ ብዛት እየተበላ አለቀ። በባውሽሎት መንደር አንድ ጫማ ሰፊ አገኙና በእንጨቱ ላይ ቆዳ በሚስማር አስመቱበት። የዛሬ መካኒኮች «የፍሬን ሸራ» የሚሉት ነገር ታሪኩ ከዚህ ከጫማ ሰፊው ደጃፍ ይጀምራል።

ጎሕ ሲቀድ የተነሡት ሦስቱ ተጓዦች ሊመሽ ሲል ከፕፎርትስሃይም ደረሱ፤ ለካርልም በቴሌግራም መድረሳቸውን አስታወቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላም በሌላ መንገድ ተመለሱ። ደርሶ መልሱ 194 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይኸው መንገድ ከ2008 ጀምሮ በጀርመን በወይዘሮ በርታ ስም የመታሰቢያ መንገድ ሆኗል።

መንገዱ ምን አስተማረ?

ጉዞው ጀግንነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለወሬ ማጣፈጫ ሆኖ ይቀር ነበር። ታላቅነቱ ከተመለሱ በኋላ በሆነው ነገር ነው። ወይዘሮ በርታ ወደ ቤት ይዘው የገቡት የድል ዜና ብቻ አልነበረም፤ የጉድለት ዝርዝርም ነበር። መኪናው ዳገት አይወጣም፤ ስለዚህ ለዳገት የሚሆን ተጨማሪ ዝቅተኛ ማርሽ ያስፈልገዋል። እንጨት ፍሬን ቁልቁለት አይችልም፤ ስለዚህ ቆዳ ይልበስ። ካርል ምክሩን ተቀብለው ማርሹን ጨመሩ፤ የፍሬኑንም ነገር አሻሻሉ። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር መኪናው «ተስተካከለ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ካርል ቤንዝ ከአንድ ፋብሪካ ቅጥር ግቢ ሳይርቁ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲፈትኑት የነበረውን መኪና የሁለት ቀን መንገድ የበለጠ ፈተነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሠሪው የሚያውቀው ዕቃው እንዴት እንደተሠራ ነው፤ ዕቃው የት እንደሚደክም የሚያውቀው ግን ተጠቃሚው ነው። በማንሃይም ሜዳ ላይ ዳገት የለም። ዳገት በሌለበት ደግሞ ማርሽ መጉደሉን ማን ያውቃል? «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» የሚለው ተረት እውነት ቢሆንም፣ እሾኹን የሚያገኘው መንገደኛው መሆኑ አይዘነጋ።

በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ሙኒክ ላይ በተደረገው የማሽኖች ኤግዚቢሽን መኪናው የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለመ። ሽያጩ ወዲያው አልጎረፈም፤ የዚህ ባለ ሦስት ጎማ ዓይነት እስከ 1893 ድረስ የተሠራው 25 ያህል ብቻ ነው። ይሁን እንጂ አሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት ሲያልቅ የቤንዝ ፋብሪካ ከዓለም አንደኛው መኪና አምራች ሆኖ ነበር።

ስሙ የማን ነው?

የፈጠራ መብቱ የተመዘገበው በካርል ስም ብቻ ነው። በዘመኑ ሕግ የባለትዳር ሴት ንብረት በባሏ እጅ የሚተዳደር ስለነበረ፣ ገንዘቡን የከፈሉት፣ መንገዱን የሄዱትና የማርሹን ምክር ያመጡት ወይዘሮ በሰነዱ ላይ የሉበትም። ካርል የተማሩበት የካርልስሩሄ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ለወይዘሮ በርታ የክብር ሴናተርነት ማዕረግ የሰጣቸው በሜይ 3 ቀን 1944፣ 95ኛ ዓመታቸውን በያዙበት ዕለት ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ።

ለወይዘሮዋ ዘግይቶም ቢሆን ክብር መጣ። ቆዳውን የመታው ጫማ ሰፊና ካቴናውን ያጠበቀው ቀጥቃጭ ግን በመኪና ታሪክ ውስጥ የሙያቸው ስም እንጂ የራሳቸው ስም እምብዛም አይነሣም። ይህን ስናነሣ ሐሳባችን ወደ አገራችን መሄዱ የግድ ነው። ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ብረት የሚቀጠቅጠውና ቆዳ የሚፍቀው ሰው ስሙ ከመረሳትም አልፎ መሰደቢያ ሆኖ ኖሯል። ብረት ሠሪው «ጠይብ» ተባለ፣ ቆዳ ሠሪው «ፋቂ» ተባለ፣ «ቡዳ ነው» ተብሎ ተፈራ፣ ከጋብቻና ከርስትም ተገለለ።

የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች አዲስ አበባ የገቡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤድ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለ መኪና ይዞ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ በረሃውንና ገደሉን አቋርጦ አፄ ምኒልክ ዘንድ ደረሰ። (ስሙ ቢመሳሰልም ኋላ በስሙ ከታወቀው የመኪና ፋብሪካ መሥራች የተለየ ሰው ነው።) አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም በዚያው ሰሞን መኪና አምጥቷልና ማን ቀደመ የሚለው ክርክር ያለ ነው። አፄ ምኒልክም ወደ መኪናው ወጥተው ተቀመጡበት፤ አዲሱን ነገር ወደዱት።

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሌላም ነገር አደረጉ። ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ገበሬውንና ነጋዴውን በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክልና ተሳዳቢውን የሚያስቀጣ አዋጅ አወጁ። ባለ እጅን የሚንቅ አገር በእጅ ሥራ ከበለጸገው ዓለም ጋር ሊተካከል እንደማይችል የገባቸው መሪ ነበሩ። ሁለቱ ነገሮች፣ መኪናውና አዋጁ፣ በአንድ ዓመት መዋላቸው ግጥምጥም ሊሆን ይችላል፤ ትምህርቱ ግን አንድ ነው። መኪናውን በገንዘብ ወይም በስጦታ ማስገባት ይቻላል። ዳገት ላይ ሲቆም የሚያስነሣው ግን የቀጥቃጭና የጫማ ሰፊ እጅ ነው።

አዋጁ ንቀቱን በአንድ ቀን አላጠፋውም። ከዚያ ወዲህ ጋራዦቻችን በበዙ ጊዜ ፍሬንና ማርሽን የመሳሰሉ የሙያ ቃላት ከባሕር ማዶ ከዕቃው ጋር አብረው ገቡ። ወናፍ፣ ጉጠትና መዶሻ ግን ከጥንት የነበሩን ቃላት ናቸው። ባውሽሎት መንደር ላይ በአንድ ቀን የዓለምን ፍሬን ያሻሻለው ጫማ ሰፊ ከያዘው ቆዳና ሚስማር የሚበልጥ መሣሪያ አልነበረውም፤ ያ ቆዳና ያ ሚስማር በዚያ ዘመን በአገራችንም ገበያ ይገኝ ነበር። ዛሬም ግራሶ በነካው እጁ የመኪናችንን ድምፅ የሚያዳምጠውን ልጅ ሒሳብ ስንከፍል ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ስሙንም ብንጠይቀው አይከፋም።