ፕላኑ የማያሳየው ጉድጓድ፦ ስለ ፉቲንግ ኮንክሪትና ብረት ግምት

በአዲስ አበባ ጂ+2 መኖሪያ ቤት ሊያስጀምር የተነሣ ባለቤት ቀድሞ የሚጠይቀው «ለመሠረቱ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ልግዛ?» ነው። መልሱ ከግማሽ ገጽ አያልፍም፤ ርዝመት በወርድ በውፍረት ይባዛል፣ ለብክነት 5 በመቶ ይታከላል። ስሌቱ ስሕተት የለበትም። ሆኖም ሙሌቱ ሳያልቅ ሲሚንቶው ያልቅና ሚክሰሩ ይቆማል፤ ባለቤቱም ግማሽ የተሞላ ፉቲንግ ትቶ ሲሚንቶ ፍለጋ ይወጣል። ይህ የሚሆነው፣ በእኔ እምነት፣ ግምቱ ፕላኑ ላይ የተሣለውን ፉቲንግ እንጂ ኮንክሪቱ በእውነት የሚፈስበትን ጉድጓድ ስለማይለካ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ቤቱ 12 ነጠላ ፉቲንግ አለው፤ እያንዳንዱ 1.60 ሜትር በ1.60 ሜትር፣ ውፍረቱ 40 ሳንቲ ሜትር። የአንዱ መጠን 1.024 ሜትር ኩብ፣ የሁሉም 12.29 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለሲ-25 ኮንክሪት በአገራችን የተለመደውን 360 ኪሎ ሲሚንቶ ለአንድ ሜትር ኩብ ብንይዝና 5 በመቶ ብንጨምር 46.5 ኩንታል፣ ማለትም 93 ከረጢት ይደርሳል። ከፉቲንጉ ሥር በየጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ወጥቶ የሚነጠፈው የ5 ሳንቲ ሜትር ሊን ኮንክሪት 1.94 ሜትር ኩብ ነው፤ በሜትር ኩብ 150 ኪሎ ስለሚበቃው 3 ኩንታል ያህል ይወስዳል።

ፕላኑ የሚነግረን እዚህ ድረስ ነው። ቦሌንና አካባቢውን በመሰለ መረሬ አፈር ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ግን አንድ ሌሊት ዝናብ ካደረበት ወለሉ ጭቃ ይሆናል። ጭቃው ካልተጠረገ ሊን ኮንክሪት አይፈስበትም፤ ሲጠረግ ደግሞ ጉድጓዱ ይጠልቃል። 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ጠለቀ እንበል። ያ ክፍተት በሲ-25 ከተሞላ 1.54 ሜትር ኩብ ኮንክሪት፣ 5.5 ኩንታል ሲሚንቶ ይበላል። ለብክነት የያዝነው 0.61 ሜትር ኩብ ነበር፤ አንዲት ሌሊት ዝናብ ብቻዋን የዚያን ሁለት እጥፍ ተኩል ትወስዳለች። ያው ክፍተት ሊኑን በማወፈር ቢሞላ ግን ተጨማሪው ሲሚንቶ ወደ 3 ኩንታል ይወርዳል። ከዚህም የሚሻለው ኤክስካቫተሩን ከመጨረሻው ልክ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ማስቆም፣ ቀሪውን በእጅ ማስቆፈርና ሊኑን በዚያው ቀን ማፍሰስ ነው።

ጎኑም እንደ ወለሉ ነው። ፎርም ለመቆጠብ ሲባል ኮንክሪቱ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ሲፈስና ጉድጓዱ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ሲሰፋ፣ 1.60 የነበረው ጎን 1.70 ይሆናል። ጭማሪው ለዓይን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ መጠኑ ግን በ13 በመቶ ያድጋል። ለ12ቱ ፉቲንግ 5.7 ኩንታል ማለት ነው። የፎርም ጣውላ ኪራይ ከዚህ ጋር ተነጻጽሮ መታየት አለበት።

ይህን ኪሳራ የሚሸከመው ማን እንደሆነም ልብ ማለት ይገባል። የመንግሥት የግንባታ ዲዛይን ባለሥልጣን የነበረው ባትኮዳ በ1991 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የሥራ ዝርዝርና የልኬት ደንብ በሚከተል ውል ኮንክሪት የሚለካው በፕላኑ የተጣራ መጠን ስለሆነ፣ ትርፉ ቁፋሮ የሥራ ተቋራጩ ዕዳ ነው። አብዛኛው የግል ቤት ግን በእጅ ዋጋ ውል ይሠራል፤ ዕቃውን የሚያቀርበው ባለቤቱ ነው። ቆፋሪው ባሰፋው ልክ ባለቤቱ ሲሚንቶ ይገዛል።

ወደ ቅይጡ ስንመጣ፣ 1፡2፡3 የሚባለው ምጥጥን በደረቅ ይዘት ነው። አንድ ሜትር ኩብ የተጠቀጠቀ ኮንክሪት 1.54 ሜትር ኩብ ያህል ደረቅ ዕቃ ይፈልጋል፤ አሸዋው በጠጠሩ መሀል፣ ሲሚንቶው በአሸዋው መሀል ስለሚገባ ይዘቱ ይቀንሳል። 1.54ን ለ6 ስናካፍል 0.257 ሜትር ኩብ ሲሚንቶ (370 ኪሎ)፣ 0.51 አሸዋና 0.77 ጠጠር እናገኛለን። ከ360 ኪሎው ብዙም አይርቅም። ለምሳሌያችን ብክነቱን ጨምሮ አሸዋው 6.6፣ ጠጠሩ 9.9 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ሳይት ላይ ይህን ሁሉ የሚወስነው ከጣውላ የተሠራው ሳጥን ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 35 ሊትር ያህል ይዘት ስላለው፣ 50 በ40 በ18 የሆነ ሳጥን (36 ሊትር) ተስማሚ ነው፤ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። አናጺው ከፍታውን 20 ሳንቲ ሜትር ካደረገው አሸዋውም ጠጠሩም በ11 በመቶ ይጨምራል፤ በሜትር ኩብ የሚገባው ሲሚንቶም ወደ 330 ኪሎ ገደማ ይወርዳል። ሲሚንቶው ሲተርፍ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። የተረፈው ግን ከኮንክሪቱ ጥንካሬ የተቀነሰ ነው፤ ሳጥኑ ተቆልሎ ሲሞላ ደግሞ ይብሳል።

እርጥብ አሸዋ በተቃራኒው ያሳስታል። ቅንጣቶቹን የሸፈነው ውሃ ስለሚያራርቃቸው፣ 5 በመቶ ያህል እርጥበት ያለው አሸዋ ይዘቱ እስከ 25 በመቶ ሊያብጥ ይችላል። ለማረጋገጥ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ቀጥ ያለ ጎን ባለው ጣሳ ውስጥ እርጥቡን አሸዋ ሳይጠቀጥቁ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር መሙላት፣ ከዚያ አውጥቶ ግማሹን ውሃ ማድረግና አሸዋውን እየነካኩ መልሶ መጨመር ነው። ውሃ ጠግቦ ሲሰፍር ከፍታው 16 ላይ ከቆመ እብጠቱ 25 በመቶ ነው። እንዲህ ያለ ሁለት ሳጥን አሸዋ በእውነቱ አንድ ከስድስት አሥረኛ ሳጥን ነው፤ ኮንክሪቱ አሸዋ ያንሰዋል፣ ፎርሙ ሲፈታም ጠጠሩ አግጦ ይታያል። ግዢውም ላይ ለውጥ ያመጣል፦ 16 ሜትር ኩብ ተብሎ በሲኖ ትራክ የመጣ እርጥብ አሸዋ ሲደርቅ 12.8 ነው፤ ለእኛ 6.6 ሜትር ኩብ ደግሞ 8.25 ሜትር ኩብ እርጥብ አሸዋ፣ ማለትም ግማሽ መኪና ያስፈልጋል።

ብረቱ ጋ ግምቱ የሚሳተው በክብደቱ አይደለም። ባለ 12 ሚሊ ሜትር ብረት በሜትር 0.888 ኪሎ ይመዝናል። በየ15 ሳንቲ ሜትር፣ በሁለቱም አቅጣጫ ከተደረደረ ለአንድ ፉቲንግ 22 ቁራጭ ይገባል። 5 ሳንቲ ሜትር ሽፋን በየጎኑ ተትቶ ቀጥ ያለው 1.50 ሜትር፣ ወደ ላይ የታጠፈው በየጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የአንዱ ቁራጭ ርዝመት 2.10 ሜትር ነው፤ ለ12ቱ ፉቲንግ የተጣራው ክብደት 492 ኪሎ ይሆናል። ፌራዮው ግን በኪሎ አይቆርጥም፤ ባለ 12 ሜትር ቤርጋ ነው የሚቆርጠው። ከአንድ ቤርጋ አምስት ቁራጭ ይወጣና 1.50 ሜትር ይተርፋል። ለ264 ቁራጭ 53 ቤርጋ፣ ማለትም 565 ኪሎ ይገዛል። ትርፍራፊው ለኮለሙ ስታፋ እንዳይሆን ስታፋው ባለ 8 ነው። መሐንዲሱ አይቶ እጥፋቱን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር ቢፈቅድ ቁራጩ ልክ 2 ሜትር ይሆናል፤ ከአንድ ቤርጋ ስድስት ይወጣና ምንም አይተርፍም። 44 ቤርጋ ይበቃል፣ ክብደቱም 469 ኪሎ ነው። ዘጠኝ ቤርጋ የሚያተርፈው ይህ ጥያቄ መጠየቅ ያለበት ፕላኑ ገና ሳይጸድቅ፣ ዲዛይነሩ ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው።