17 ዓመት የቆየ ጋዜጣ የገዛው መስፍን

ሰሞኑን «ስም ማጥፋት ላይ የክስ ማቅረቢያ ጊዜው አጭር ነው፣ ይራዘም» የሚል ክርክር ሲነሳ እሰማለሁ። ሐሳቡ ከንቱ አይደለም። ግን ከመስማማታችን በፊት አንድ የጀርመን መስፍን ለንደን ላይ የሠራውን እናስታውስ።

ብራንስዊክ የምትባል ግዛት ነበረች። መስፍኗ ካርል እ.ኤ.አ. በ1830 ሕዝቡ አምፆበት፣ ቤተ መንግሥቱ ተቃጥሎ ተሰደደ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር 19 ቀን «ዊክሊ ዲስፓች» የተባለ የለንደን ጋዜጣ ስለ እሱ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በወቅቱ በእንግሊዝ በጽሑፍ ለተፈጸመ ስም ማጥፋት ይርጋው 6 ዓመት ነበር። ስድስቱ ዓመት አለፈ፣ ነገሩ ተረሳ።

መስፍኑ ግን አልረሳም። ከ17 ዓመት በኋላ ሰው ልኮ ከጋዜጣው ቢሮ ያንኑ አሮጌ እትም አስገዛ። ሌላ ቅጂ ደግሞ በብሪቲሽ ሙዚየም ተገኘ። ከዚያ ከሰሰ። ጋዜጣው «ይርጋ ያግደዋል» ቢልም ፍርድ ቤቱ በ1849 አልተቀበለውም፤ ለመስፍኑ ሰው የተሸጠችው ያቺ አንዲት ቅጂ ራሷን የቻለች አዲስ ኅትመት ናት አለ። ልብ በሉ፣ ገዢውን የላከው ከሳሹ ራሱ ነው! ስሙን ያጠፋውን ጋዜጣ ከመደርደሪያ ያስወረደው እሱ፣ ተጎዳሁ ባዩም እሱ።

(ይህ ሰው አልማዝ በመሰብሰብ የታወቀ ነበር። ቼዝ የምትወዱ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በ1858 ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ ፖል ሞርፊ ካሸነፋቸው ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ሀብቱን ለጄኔቭ ከተማ አውርሶ ሞተ፣ ሐውልቱም እዚያው ቆሟል።)

ፍርዱ በእንግሊዝ ከ160 ዓመት በላይ ኖረ። በወረቀት ዘመን ብዙም አላስቸገረም፤ አሮጌ ጋዜጣ ፍለጋ የሚሄድ ስንት ሰው አለ? ኢንተርኔት ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ክሊክ አዲስ ኅትመት ሆነ። «ዘ ታይምስ» በ1999 ግሪጎሪ ሉቻንስኪ በተባለ ነጋዴ ላይ ባወጣቸው ጽሑፎች ተከሰሰ፣ ቀጥሎም ጽሑፎቹ ድረ ገጹ ላይ በመቆየታቸው ለብቻው ሌላ ክስ መጣበት። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የመስፍኑን ፍርድ ጠቅሶ ጋዜጣውን ረታው። ጉዳዩ ስትራስቡርግ ድረስ ሄዶ በ2009 የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤትም ለጋዜጣው አልፈረደም። ምክንያቱን ግን እወደዋለሁ፦ ጽሑፉ ክርክር እንዳለበት የሚያሳውቅ ማስታወሻ ቢለጠፍበት ይበቃ ነበር አለ። ማንም መዝገብህን አቃጥል አላለውም።

አሜሪካኖች ቀድመው ነቅተዋል። የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ1948 አንድ መጽሐፍ ከመጋዘን በተሸጠ ቁጥር ይርጋው እንደገና አይቆጠርም ብሎ ወሰነ። የረጅም ይርጋን መዘዝም እዚያው አይተውታል። አንዲት የኒው ዮርክ ነዋሪ «ሀስለር» መጽሔትን ለመክሰስ ስትነሳ በየግዛቱ ጊዜው አልፎባት ነበር። ኒው ሃምፕሸር ግን 6 ዓመት ይፈቅድ ስለነበር፣ ሴትዮዋም መጽሔቱም የዚያ ሰዎች ሳይሆኑ ክሱ እዚያ ተከፈተ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1984 ይቻላል አለ።

እንግሊዝ ራሷ ይርጋውን በ1985 ወደ 3 ዓመት፣ በ1996 ወደ 1 ዓመት አወረደች። በ2013 የወጣው ሕግ ደግሞ የመስፍኑን ቀዳዳ ደፈነ፤ ያው አሳታሚ ያንኑ ጽሑፍ ደግሞ ቢያወጣ ቆጠራው ከመጀመሪያው ቀን ነው። ሆኖም ለዳኛው ቁልፍ ተትቶለታል። ከሳሹ ለምን ዘገየ? መቼ አወቀ? ካወቀ በኋላስ ፈጥኗል? ማስረጃው ደብዝዟል? ዳኛው ይህን መዝኖ አንድ ዓመቱን ሊያልፍ ይችላል።

የእኛስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2143፣ ከውል ውጭ ለሚደርስ ጉዳት 2 ዓመት ይሰጣል፤ ስም ማጥፋትም በዚሁ ይገባል። በሚዲያ የሚፈጸም ስም ማጥፋት ከ2013ቱ አዋጅ ቁጥር 1238 ወዲህ በወንጀል ስለማያስጠይቅ የፍትሐ ብሔሩ መንገድ ይበልጥ ከብዷል። ቆጠራው የሚጀምረው ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ነው። ቤይሩት ሰው ቤት ተቀጥራ 3 ዓመት የቆየች ልጅ፣ ሰፈሯ ውስጥ ምን እንደተጻፈባት የምታውቀው ተመልሳ ሥራ ስትፈልግ ሊሆን ይችላል። ለእሷ 2 ዓመት የተዘጋ በር ነው።

ለእሷ ብለን ለሁሉም 5 ወይም 6 ዓመት እናድርገው ካልን ግን መጀመሪያ የሚጠቀመው ጠበቃ በደመወዝ ያስቀመጠ ባለ ሀብት ነው። ጋዜጠኛው እስከዚያ ምን ይይዛል? ማስታወሻ ደብተሩ ጠፍቷል፣ ድምፅ የቀዳበት ስልክ ተሰብሯል፣ ምንጩ ወይ ተሰዷል ወይ ሞቷል፣ ያሳተመው መጽሔት ተዘግቷል። እንደ እኔ በየጽሑፉ የሚከፈለው ሰው ደግሞ ከጀርባው የሚቆም ድርጅት የለውም። «ይርጋ» የሚለው ቃል ራሱ ከመርጋት ነው የመጣው፤ ነገር አንድ ቦታ ይርጋ ለማለት።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ 2 ዓመቱ ባለበት ሆኖ፣ ዘግይቶ ማወቁን ላስረዳ ሰው ዳኛው በሩን የሚከፍትበት አንቀጽ መጨመር ነው። የቴሌግራሙን ነገርም በግልጽ ይጻፉልን፦ ቻናሉ ላይ ለተቀመጠው ጽሑፍ ቆጠራው ከተለጠፈበት ቀን ይሁን፤ ከ4 ዓመት በኋላ ስክሪንሾቱን አንስቶ የራሱን ስድብ ጨምሮ የሚያሰራጨው ግን ለራሱ ኅትመት ከዚያን ቀን ጀምሮ ይጠየቅ።